የማደጎ ሙት

ማግዳሌና ወንዝ የሰው ሬሳ ይዞ በወረደ ቁጥር በዳርቻው ያለችው የወደብ ከተማ ሰው አውጥቶ ይቀብራል። ማን እንደሆነ የሚለየው የለም፤ ፊቱን ዓሣ በልቶት፣ ልብሱን ውሃ ገፎት ነው የሚመጣው። ታዲያ አንዱ ድሃ መቃብሩን እንደ ማደጎ ልጅ ይወስደዋል፤ ስም ያወጣለታል፣ ቀለም ይቀባለታል፣ አበባ ያኖርለታል። ሙቱም በፈንታው የተለመነውን ይፈጽማል፤ ለአንዷ ባል ያመጣል፣ ለአንዱ ሎተሪ ያወጣል።

ልብስ አጣቢዋ ዴያኒራ የራሷን ሙት ሳውል አለችው። ሰኞ ሰኞ፣ የሙታን ነፍስ በሚታሰብበት ቀን፣ መቃብሩን በጣቷ እያንኳኳች ትቀሰቅሰዋለች። ልመናዋ አንድ ነው።

"ሳውልዬ፣ ዩበርን አምጣልኝ።"

ዩበር ልጇ ነው። ከወንዙ ማዶ ደህና ሥራ አገኘሁ ብሎ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ እንደወጣ ቀረ። ይኸው ዓመታት አለፉ፤ እሷ ግን ማታ ማታ በሩን ሳትቀረቅር ነው የምትተኛው።

"እኔ ምልሽ፣ ያንቺ ሙት እንዴት ያለ ሰነፍ ነው!" ትላታለች ጎረቤቷ ሩቢዬላ። የእሷ ሙት ፍሪጅ ሳይቀር አስገኝቶላታል። "ለምን አትቀይሪውም?"

"ተይው እባክሽ፤ ለምጄዋለሁ።"

የቀብሩን ወጪ የሚችሉት ዶን ኤቬሊዮ ናቸው። ከወንዙ ማዶ ያለው መሬትና ከብት ሁሉ የእሳቸው ነው። ሀብታም እንዲህ ነው እንጂ! ስም የለሽ ሙት በወጣ ቁጥር ሳጥኑንም፣ ቦታውንም ከኪሳቸው ይከፍላሉ፤ ቄሱም ስማቸውን ሳያነሱ አይሰብኩም።

አንድ ሰኞ እኚሁ ሰው በከዘራ እየተደገፉ ዴያኒራ የምታንኳኳው መቃብር ዘንድ መጡ። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ጎድጉዷል።

"ዴያኒራ፣ ሳውልን ስጪኝ። ከቤተሰቦቼ ጋር በእብነ በረድ ላሳርፈው። ለልጁ ጥሩ ቦታ አለኝ።"

ዴያኒራ ደሟ ፈላ። "ኧረ ዶን ኤቬሊዮ! መሬቱም ከብቱም አልበቃ ብሎ የድሃ ሙት አማረዎት?"

"እንቅልፍ አጣሁ። አንቺ እዚህ ስታንኳኪ እኔ ቤት ይሰማል።"

"እንዳትሰጪ!" አለች ሩቢዬላ ከወዲያኛው መቃብር። "ሙትሽ ሊሠራልሽ ሲል ሸቷቸው ነው የመጡት። ዕድልሽን ሊወስዱ ነው!"

ዴያኒራም ይህንኑ ፈርታ መቃብሩን በጀርባዋ ከለለች። ሳውል ከሄደ ልጇን ማን ያመጣላታል? ግን የሽማግሌውን የጎደጎደ ዓይን አየችና አንጀቷን በሉት። ደግሞም አሰበች፤ የእሷን ልመና የሰማ የለም፤ የሀብታም ይሰማ ይሆናል።

"እሺ፣ ይውሰዱት። መጀመሪያ ግን ስለ ልጄ ይለምኑልኝ። እርስዎን እምቢ የሚል የለም።"

ዶን ኤቬሊዮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተንበረከኩና መቃብሩን አንኳኩ። ዴያኒራ ዓይኗን ጨፍና ልትሰማ ጎንበስ አለች።

"ዩበር፣ ተነስ። እናትህ መጥታለች።"