የእጅ ያለህ የሚል ጊታር

«ወደ መስኮቱ ዙሪ እትዬ፣ ማጭበርበር የለም» አላት ጊታር ሠሪው የሟች ወንድሙን ሚስት። ወንበሯን ጎትታ ጀርባዋን ሰጠችው። ከኋላዋ፣ ሶፋው ላይ፣ ሁለት ኤሌክትሪክ ጊታሮች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። አንዱ የባሏ ነው። ሌላው የዚያ ቅጂ ነው።

ነገሩ እዚህ የደረሰው በሴት ልጇ ምክንያት ነው። ዛሬ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ትወጣለች፤ «የአባቴን ጊታር ካልያዝኩ አልወጣም» ብላ ድርቅ አለች። እናት በበኩሏ «እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ ቤት አይወጣም» አለች። አጎት አንዳቸውን ከማስቀየም ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ አቀርቅሮ ቅጂውን ሠራ። በመጨረሻ ተስማሙ፦ እናት ሳታይ፣ በጆሮዋ ብቻ የባሏን ከለየች ጊታሩ ቤት ይቀርላታል፣ ልጅቷም ቅጂውን ይዛ መድረክ ትወጣለች፤ ካልለየች ልጅቷ የአባቷን ይዛው ትሄዳለች።

ቅጂው ለዓይን እንከን አልነበረውም። ብሎኖቹን ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ ዝገት አስያዛቸው። ወንድሙ ሲጋራውን ክሮቹ ጫፍ ላይ ሰክቶ ይጫወት ስለነበር የጊታሩ አናት ላይ የተቃጠለ ቦታ አለ፤ በሕይወቱ አጭሶ የማያውቀው አጎት እያሳለ ሲጋራ ለኩሶ ያንኑ ቦታ አቃጠለ። የወንድሙ ክንድ ዕድሜ ልኩን ታክኮ የላጠውን ቀለም እሱ በብርጭቆ ወረቀት በአንድ ከሰዓት ላጠው። ያን ዕለት እጁን ደጋግሞ ታጠበ። ሙት የቀሰቀሰ መስሎት ነበር።

አሁን አንዱን ጊታር ድምፅ ማጉያው ላይ ሰካና ወንድሙ ሁልጊዜ እጁን የሚያፍታታበትን ዜማ ተጫወተ። ሌላውን አንሥቶ ሰካ፤ ያንኑ ዜማ።

«ድገመው» አለች።

ደገመው። እሷ አንገቷን አዘንብላ ስታዳምጥ እሱ በልቡ «እንዳትለዪው» ይል ነበር፤ የሙያ ነገር ሆኖበት። ወዲያው ደግሞ «ኧረ ለዪው» አለ። ኮምጣጤና የብርጭቆ ወረቀት ወንድሙን ከተኩት፣ ያ ሁሉ ሰው ምን ነበር ታዲያ?

«አላወቅሁትም» አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ ተሰበረ። «ሁለቱም እሱን ይመስሉኛል። ይሄን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ እንዴት አላውቀውም?»

ልጅቷ በሩን ተደግፋ ቆማለች። አሸንፋ ሳለ ደስ አላላትም። አጎት የእናትየው ሁኔታ አስደንግጦት እጁን ከክሮቹ አነሣ። ጭኑ ላይ የነበረው የወንድሙ ጊታር ነው። የድምፅ ማጉያው በቀስታ ማጉረምረም ጀመረ፦ እምምምም።

የእናት ጀርባ ቀጥ አለ። «እሱ ነው! እንዳትነካው!»

አጎት ሁለት እጁን ወደ ላይ እንደ ሰቀለ ቀረ። ይሄ የዚህ ጊታር የዱሮ አመሉ ነው። ተሰክቶ ሰው ካልነካው ያጉረመርማል፤ እጅ ክሮቹ ላይ ሲያርፍ ዝም ይላል። ስንቴ «ላስተካክልልህ» ቢለው ወንድሙ «ተወው፣ የእጅ ያለህ እያለ ነው» እያለ ይስቅበት ነበር። ቅጂውን ሲሠራ ጠባሳዎቹን አንድ ሳያስቀር ገልብጦ፣ ይሄን አንዱን በሽታ ግን ፈወሰው። ጥሩ ባለሙያ ብልሽት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

«ኩሽና ሆኜ እሰማው ነበር» አለች ወደ መስኮቱ እንዳፈጠጠች። «ሲያጉረመርም፣ ቤት ገብቷል ማለት ነው። ዝም ሲል፣ እጁን አሳረፈ። ከሞተ ወዲህም ማታ ማታ እየሰካሁት እተኛለሁ። ዝም እስኪል እጠብቃለሁ።»

«እማዬ» አለች ልጅቷ፤ «እኔ እኮ ፍሪጁ መስሎኝ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። እናት ለይታለች፤ በውላቸው መሠረት ጊታሩ ይቀራል። ጉርምርምታው ክፍሉን ሞልቶታል። አጎት ክንዱ ቢዝልም እጁን ሊያወርድ አልደፈረም።

ድንገት ጊታሩ ዝም አለ።

እናት ትንፋሿን ዋጠች። «ማነው?» አለች በሹክሹክታ። ለመዞር ፈራች። እንደምንም ስትዞር የአጎትየው ሁለት እጆች አሁንም እንደተሰቀሉ ናቸው። ክሮቹ ላይ ያረፈው የልጅቷ መዳፍ ነው።

ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ጊታሩ ለአባቷ እንደሚያደርገው ለእሷም ዝም ብሎላታል።

«ይዘሽው ሂጂ» አለች።

«ለይተሽዋል እኮ እማዬ።»

«ሂጂ አልኩሽ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር። ያን ሁሉ ሌሊት እጅ ፈልጎ ሲጮህ እኔ እጄን ሳላሳርፍበት አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማው ነበር።»

ልጅቷ ጊታሩን ይዛ ከወጣች በኋላ አጎት ቅጂውን ሰካላት። ክፍሉ ጭጭ አለ።

«ከፈለግሽ ከፍቼ ላበላሸው እችላለሁ» አለ አፍሮ። «እንደዚያኛው ያጉረመርምልሻል።»

«ተወው» አለች። መጥታ ሶፋው ላይ ከጊታሩ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ፣ ዝም የምታሰኘው ነገር ባይኖርም፣ መዳፏን ክሮቹ ላይ አሳርፋ ቆየች።