ከጆንያው ሥር

ስመኝ ክንዷን እስከ ጆንያው ሥር ከትታ ስንዴ ዘግና ስታወጣ፣ መዳፏ ላይ ያየችው ነገር ክው አደረጋት። ከስንዴው መሐል ቀይ ቀለም የነካው ፍሬ ነበረበት፤ ለመዝሪያ ተብሎ በተባይ መድኃኒት የታሸ፣ ሰው ቢበላው የሚመርዘው ዘር። ከኋላዋ ወረፋ ጠባቂው ይሥቅ ነበር። "ወፍጮ ቤቱን ኬላ አደረገችው እኮ!" አለች አንዷ። የስንዴው ባለቤት አባ አስናቀው ግን ተቆጥተዋል። "ሠርገኛ ቤቴን ሞልቶ፣ ዱቄት አነሰኝ ብዬ ብመጣ ትፈትሺኛለሽ? ሌባ መሰልኩሽ?"

"ይዩት፣ አባ" ብላ እጇን ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። ቁጣቸው ጠፋ።

"የትናንቱስ?" አሉ ቀና ብለው። "እሱም ከዚሁ ጎተራ ነው የወጣው።"

ስመኝ መካነ ሰላም ላይ ወፍጮ ከተከለች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከትናንት በቀር የማንንም እህል ሳትፈትሽ ፈጭታ አታውቅም። ትናንት ደጋሽ ሽማግሌን ማስቆም ነውር መስሏት ነበር። ነውር! ስልካቸውን ነጥቃ ቤታቸው ደወለች። ሴት ልጃቸው አነሳች።

"ዳቦውን እንዳትቆርሱ!" ብላ ጮኸች ስመኝ።

"ምን አልሽ? እልልታው አላሰማኝም" አለች ልጅቱ እየሳቀች። "ዳቦውማ አለቀ፤ ሌላ ዱቄት እየጠበቅን ነው።"