የቅዳሜው ሒሳብ

ፀሐይወርቅ መልእክቱን የሰማችው በምትሠራበት የግሮቭፖርት ዌርሃውስ ውስጥ ብሬክ ላይ ሆና፣ ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ ሳምቡሳ ስትገምጥ ነው። ባሏ ስልክ የማያነሳ ሰው ስለሆነ የትም ቦታ የሷን ቁጥር ነው የሚሰጠው። የሐኪሙም፣ የኢንሹራንሱም፣ የትምህርት ቤቱም ጥሪ እሷው ላይ ያርፋል። መልእክቱን የተወችው ሴትዮ ደግሞ ስትናገር ትቸኩላለች። ከማሽኑ ጫጫታ መሃል የተያዘላት ይኸው ብቻ ነው፤ «ጀማነህ... ማዝ... ኖት ፓስድ... ሪቴክ ሳተርዴይ... አይዲ።»

ሳምቡሳውን መልሳ ጠቀለለችው።

ልጇ አርሴማ ጀማነህ ሰባተኛ ክፍል ናት። እዚህ አገር መቼም ልጅን በአባቷ ስም ነው የሚጠሩት። ፀሐይወርቅ መጀመሪያ ሰሞን «ጀማነህ ዛሬ ቀርታለች» ሲሏት ትስቅ ነበር፤ ኋላ ለመደችው። ዛሬ ግን ሳቅ የት አባቱ! ያን ሁሉ ዓመት ሳጥን ስትሸከም የኖረችው ልጄ እዚህ ዌርሃውስ አትገባም ብላ ነው። ሒሳብ የወደቀ ሰው መጨረሻው የት እንደሆነ ደግሞ ዙሪያዋን አይታ ታውቃለች።

እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ቤቷ ገባች። አባትና ልጅ ሳሎን ቁጭ ብለው ነበር። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የሰማችውን ነገረቻቸው፤ ሒሳብ ላይ መውደቅ፣ ቅዳሜ ድጋሚ ፈተና፣ መታወቂያ።

ጀማነህ የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። ድንጋጤው እሷንም አስደነገጣት፤ ለልጁ ያለው ፍቅር መቼም የታወቀ ነው። አርሴማ አባቷን አየችው። ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«እኔ ነኝ እማ» አለች። «ወደቅኩ። ሶሪ።»

ከዚያ በኋላ የወረደባትን መዓት ምኑን ልንገራችሁ። ስልኳ ተወረሰ። የጓደኛዋ ልደት ቀረ። እንዲያው ካባትሽ እንኳ አትማሪም ወይ ተባለች፤ አስራ ሁለተኛን በስንት ነጥብ የጨረሰ፣ ወረቀቱ በስደት ሱዳን ላይ ባይጠፋበት ኖሮ ዛሬ ኢስተን ሆቴል ውስጥ አምፖል ሲቀይር የማይውል ሰው! ሊያጯት የመጡት ሽማግሌዎች ይህንኑ ነግረዋት ነበር፣ እሷም ላገኘችው ሁሉ ስታወራው ኖራለች።  ጀማነህ አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን ያይ ነበር።

ፀሐይወርቅ ቀጭን ትእዛዝ አስተላለፈች። ቅዳሜ እስኪደርስ ማታ ማታ አባት ያስጠናል፣ ልጅ ታጠናለች።

ከዚያ ወዲያ እሷ ዕረፍት አጣች። ሥራ ላይ ሳጥን ባነሳች ቁጥር የዚህ ኤሪያው ስንት ይሆን ትላለች። ቤት ስትገባ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች። ምን ነክቶኝ ነው ብላ ራሷን ትታዘብና፣ እግሯ መልሶ የአርሴማ በር ሥር ያስቆማታል።

«ሌንግዙ ዘጠኝ፣ ዊድዙ አራት» ትላለች አርሴማ ጥያቄውን እያነበበች። «ስፋቱ ስንት ነው?»

«አራት አልሽኝ አይደል?»

«ኖ፣ ባባ። ኤሪያውን ነው።»

«እኛ ሁለቱንም ስፋት ነው የምንለው።»

ፀሐይወርቅ ፈገግ አለች። ሆን ብሎ እየተሳሳተላት ነው። ጎበዝ አስተማሪ እንዲህ ነው የሚያደርገው ሲባል ሰምታለች፤ ልጁ ስህተቱን ራሱ እንዲያገኘው።

በማግስቱ ግን የሰማችው አልጣማትም። አርሴማ ትጠይቃለች፣ ጀማነህ ይመልሳል። የክቡ፣ የሦስት ማዕዘኑ፣ የክፍልፋዩ፤ አንዱን እንኳ ልጅቷ ስትመልስ አልተሰማም። በሩን በርግዳ ገባች።

«ለምንድን ነው የምትመልስላት? ቅዳሜ አብረሃት ልትገባ ነው?»

ጀማነህ እርሳሱን አስቀመጠ። ግንባሩ ላብ አውጥቶ ነበር።

«እያገዘኝ ነው፣ እማ» አለች አርሴማ።

«ማገዝ እኮ ማበላሸት አይደለም። ነገ ከክፍል ሲያወርዱሽ አባትሽ አይደርስልሽም።»

«ይሄን ያህል አትቆጫት» አለ ጀማነህ ቀስ ብሎ። «የሷ ጥፋት አይደለም።»

ታዲያ የማን ሊሆን ነው? ልጅ ያበላሸው እሱ እንደሆነ አሁን ገባት። በልጅነቷ ሲያባብላት፣ ስታድግም አላስቆጣ ብሎ፣ ይኸው ውጤቱ። ያን ሌሊት ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነሣች። የአርሴማን ፓስፖርት ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ለጀማነህ ስትነግረው አይዲውን እኔ ይዣለሁ አላት። መኪናውን እሷው ነዳች፤ መንገዱን ጀማነህ አሳያት። ቦታው ትምህርት ቤቱ አልነበረም፤ ፍራንክሊንተን ውስጥ ያለ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ነው። እዚህ ምን አመጣን ብላ ስትጠይቅ አርሴማ ከኋላ ወንበር «ኮቪድ» አለች። ከኮሮና ወዲህ ቦታው ያልተቀየረ ነገር ስለሌለ ፀሐይወርቅም አመነች።

መኪናውን አቆመች። እኔም ልውረድ ብትል አባትና ልጅ ባንድ አፍ እዚሁ ጠብቂን አሏት።

«አርሴማዬ» አለች ልጅቷን በመስኮት ስባ፤ ቁጣው ሁሉ ከሆዷ ወጥቶ ነበር። «ብትወድቂም ልጄ ነሽ። ግን አትውደቂብኝ።»

አርሴማ እናቷን ጉንጯ ላይ ሳመቻት። ከዚያ ካባቷ ጋር ሄደው ሰልፍ ያዙ። ሰልፉ ላይ የቆሙት ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ፀሐይወርቅ መሪውን ጨብጣ፣ የሰው ወላጅ ሁሉ እንደሷ ተጨንቆ መምጣቱን ስታይ ትንሽ ቀለል አላት።

በሩ ላይ የቆመችው ሴት የሙቀት መለኪያዋን ይዛ «ጀማነህ» ብላ ተጣራች።

አርሴማ እርሳሱን ለአባቷ ሰጠችው፣ ማስኩን ወደ ላይ ሳብ አደረገችለት፣ ግንባሩ ተለክቶ እስኪገባ ቆማ አየችውና ብቻዋን ወደ እናቷ መጣች።