የእናትነሽ ቤት ማሞቂያ

አዘዘ የሰው ቤት ማሞቂያ እየጠገነ የሚኖር፣ የራሱ ክፍል ግን አልሞቅ ያለው ሰው ነበር። ሮተርዳም ውስጥ ከአንድ ጣሪያ ሥር ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ሰባት ዓመት ኖሯል። አከራይዋ አሮጊት እንግዳ አይወዱም፤ ቢወዱም ክፍሉ ከአልጋው ሌላ የሚችለው አንድ ወንበር ብቻ ነው።

«ሐበሻ እኔን የሚያስታውሰኝ ማሞቂያው ሲበላሽበት ነው» ይላል ሁልጊዜ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን፣ ለክርስትናም ለሠርግም ጠርተውት ያውቃሉ። «ሥራ አለኝ» እያለ ስለቀረ ተዉት። እሱ የቀረውን ረስቶ የተዉትን ብቻ ያስታውሳል፤ ብቸኛ ሰው እንዲህ ነው።

በፈረንጆቹ 1987፣ ቦዩ ሁሉ በረዶ በሆነበት በዚያ የጥር ወር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናትነሽ መሥሪያ ቤቱ ደወለች። እናትነሽ ሻርሎይስ ሰፈር ብቻዋን የምትኖር፣ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት የምትሠራ ሴት ናት።

«አዘዘ፣ ማሞቂያዬ ጉድ ሠራኝ! ይግላል፣ ይግላል፣ ከዚያ ድርግም።»

«አጥፊው። አሁኑኑ እመጣለሁ።»

«አይ፣ አሁን አይሆንም። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ና።»

«በዚህ ብርድ ያለ ማሞቂያ ልታድሪ?»

«ጋቢ አለኝ። ብቻ እንዳትቀር፣ በእናትህ።»

ይህን ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ፣ አዘዘ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ሜትሮ ተሳፈረና ወንዙን ተሻግሮ ሻርሎይስ ገባ። መንገድ ላይ ከደረት ኪሱ የእናቱን ደብዳቤ አውጥቶ እንደገና አነበበ። እናቱ ብርነሽ መስከረም ላይ ያጻፈችው ለገና ነው የደረሰው። «እኔ ደህና ነኝ፤ አንተን ብቻ አንድዬ ይጠብቅልኝ» ይላል። አጥፎ መለሰው።

እናትነሽ በሩን ስትከፍት ዓይኗ ቀልቷል።

«ጉንፋን ነው» አለች ሳይጠይቃት።

ሳሎኑ ውስጥ ወንበር በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል። ስምንት ቆጠረ፤ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም።

«ይኼ ሁሉ ወንበር ምን ሊሆን ነው?»

«ከጎረቤት ተውሼ ነው። መጀመሪያ ቁርስ ብላ።»

«ማሞቂያውን ልየውና...»

«ብላ አልኩህ! በባዶ ሆድህ አትሁንብኝ።»

እንቁላልና ዳቦ አቀረበችለት። እሱ በላ፤ እሷ አልነካችም። አዘዘ ታዲያ ወንድሟን አሰበ። አንድ ወንድሟ አዲስ አበባ እስር ቤት ነው፤ ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው። ይህን ሻርሎይስ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል።

ከበላ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ቁም ሳጥን ከፍቶ ማሞቂያውን ለኮሰው። እሳቱ ሰማያዊ ነው፣ ደህና። አየር የሚነፋው ማራገቢያ ይዞራል። ማጣሪያው ንጹሕ ነው። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ጋለና ከልክ በላይ ሲግል የሚያጠፋው መከላከያ እሳቱን ድርግም አደረገው። የሚሞቀው አየር እየገባለት አይደለም ማለት ነው።

ከግድግዳው ግርጌ አየር የሚስበውን ፍርግርግ ፈታ። አራቱም ብሎን ጠብቆ አታገለው። ከውስጥ በሥርዓት ለአራት የታጠፈ ብርድ ልብስ ተጠቅጥቆበታል።

አዘዘ ሳቁ መጣ። ሐበሻ ንፋስ ሲፈራ! ከስንቱ ቤት ጨርቅና ካልሲ ጎትቷል።

«እናትነሽ! ማሞቂያሽ እኮ ደህና ነው፤ ትንፋሽ ነው ያሳጣሽው! ብሎኑንስ ማን ነው እንዲህ ያጠበቀልሽ?»

«ጋሽ ማንደፍሮ።» አልሳቀችም።

«እሳቸው ደግሞ መቼ መጡ?»

«ትናንት።»

በሩ ተደወለ። ጋሽ ማንደፍሮ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ገቡ። እኚህ ሰው በከተማው ሐበሻ ሐዘን ሁሉ ፊት የሚቀድሙ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው ሌሎች አራት ሰዎች ተከተሉ። ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደምን አደራችሁ ያለ የለም። አዘዘንም እየጨበጡ፣ እጁን ቶሎ ሳይለቁ አለፉት።

ያኔ ገባው። ሐበሻ ተሰብስቦ ሳይነጋ ቤት ከመጣ ሌላ ምን ሊሆን ነው? መርዶ ነው። ሞት በስልክ አይነገርም፤ ሰው ይዞት ይመጣል፣ ባለ ሐዘኑን አስቀምጦ ያረዳዋል።

ወንድሟ! እሱ ደግሞ ብርድ ልብስ ይዞ ይስቃል። አፈረ። ምስኪን፣ ወንበሩን የተዋሰችው ልቧ ቢያውቅ ነው።

ከኀዘኑ ሥር ግን ሌላ ነገር ቆነጠጠው፤ ቅናት ነበር። ሰው በዚህ ብርድ እንቅልፉን ጥሎ መጣላት። «ለእኔ ቢሆን ማን ይመጣል?» አለ በልቡ። ማንም፣ አንድም ሰው አልታየው አለ።

ብርድ ልብሱን አስቀምጦ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ሄዶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆመ። ወይዘሮ ሸዋዬ ማልቀስ ጀምረዋል።

«አይዞሽ፣ እናትነሽ» አላት ቀስ ብሎ።

እናትነሽ ይህን ስትሰማ እንባዋ ገነፈለ። አንዱን ወንበር አንሥታ መጣችና ከኋላው አስጠጋችለት።

«የብርነሽ ልጅ፣» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ፣ «አይዞህ፣ ቁጭ በል።»