የወለዱ ወሬ

ወለድ ሊጨምር ነው የሚለው ወሬ ከተማውን ማመስ ከጀመረ ሰንብቷል። ከጨመረ ባንኮች ይደልባሉ፤ በብድር የሚተነፍሰው የብስኩት ፋብሪካ ግን ይንኮታኮታል። የአንድ የቢሮ ሠራተኛ ጥሪት ደግሞ በሙሉ የዚያ ፋብሪካ አክሲዮን ነው።

ዛሬ ቢሮ ሲገባ ጨዋታው ሁሉ ቀጥ አለ። አክሲዮን የሚያሻሽጥለት ወዳጁ ይርዳው አቀረቀረ።

«ጨመረ አይደል? አትደብቀኝ!»

«ኧረ ምንም የለም። ይልቅ ምሳ በልተሃል?»

ወሬ ሲያስቀይረው መሰለው። «ሁሉንም ሽጥልኝ፤ ባገኘኸው ዋጋ!»

«ዛሬስ ይቅርብህ...»

«ሽጥ አልኩህ!»

ማታ ዜናው ወለዱ ባለበት እንደሚቀጥል ተናገረ። «ታዲያ ምንድን ነው የደበቁኝ?» እያለ ሲገላበጥ አደረ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት የእናቱ እድር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል፤ ይርዳው ከኋላቸው አቀርቅሯል።