ሦስተኛ እግር

ሽማግሌው አባት የደብረ ብርሃንን ብርድ አልቻሉትም። በያጁ ልጃቸው በምድጃው ውስጥ አሳልፎ ወደ መኝታቸው የዘረጋው ቱቦ ለብ ያለ አየር ብቻ ይተነፍሳል።

“ሽቦ እንደ አልጋ ሞላ ጠምዝዤ ቱቦው ውስጥ ባስገባበት፣ አየሩ እየተሽከረከረ የጋለውን ቱቦ ይነካካል፤ ሙቀት ይዞልዎት ይመጣል” አላቸው።

ሽቦውን የሚጠመጥምበት ዘንግ ሲፈልግ የአባቱ ከዘራ ልክ ሆነለት።

“ማታ እመልስልዎታለሁ፣ አባባ።”

“አደራ! ሦስተኛ እግሬ ነው” አሉት እየሳቁ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ክፍሉ እንደ ቆላ ሞቀ፤ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤቶች ጋቢያቸውን አወለቁ።

“ምን አግኝቷቸው ነው?” አለች አንዷ በሹክሹክታ።

“ሽቦው ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው” አለች ሴት ልጃቸው፣ “ከአልጋ ሲወርዱ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ከዘራው ሰደዱ። አልነበረም።”