የክርስትና ስሙ

ልጇ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ሊሻገር ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምታ አታውቅም። እሑድ እሑድ ግን የክርስትና ስሙን ለጸሎት ታሳስባለች። ዓይኗ ስለደከመ ባሏ ከደብተር ላይ ቀድዶ ይጽፍላታል፤ እሷ ወስዳ ለቄሱ ትሰጣለች። ትናንት ስልክ ከተደወለለት ጀምሮ ራሴን አመመኝ ብሎ እህል ያልቀመሰው ሰው፣ ዛሬም ሳትጠይቀው ጻፈላት፤ ቀድሟትም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ በድምፅ ማጉያው ስም መጥራት ጀመሩ። መጀመሪያ ሕሙማንን፣ እስረኞችንና ስደተኞችን ጠሩ። «ሣህለ ድንግል» ሲሉ እሷ ከሁሉ ቀድማ «እግዚኦ!» አለች። ቀጥለው ያረፉትን ጠሩ። ከነሱም መካከል፣

«ሣህለ ድንግል።»

«ነፍስ ይማር» አለ ምእመኑ።

ሰው እስኪበተን አልጠበቀችም። እየተደናበረች ቄሱ ዘንድ ደረሰች።

«አባ፣ ምነው ልጄን ከሙታን ደመሩብኝ? በሕይወት ባለ ልጅ እንዲህ ይሟረታል?»

ቄሱ ደነገጡ። «ወረቀቶቹ ተቀላቅለውብኝ ይሆናል፣ ልጄ» ብለው ሁለቱን ክምር አገላበጡ። አልተቀላቀሉም። ከየክምሩ አንድ አንድ ቁራጭ አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት።

ጽሑፉ አልታይ አላት። ወረቀቶቹን በጣቷ ዳበሰቻቸው። ሁለቱም በአንድ ጎናቸው ተቀድደዋል። የተቀደደውን ጎን ከተቀደደው ጎን አስጠጋችው።

ልክክ አለ።